የእኛ ሰው ወይስ የሁሉም ጠበቃ? የኤድዋርድ ብሩክ ታሪክ

በዘንድሮው መጽሔታችን የታሪክ ገጽ ላይ ስለ አንድ አሜሪካዊ የሕግ ሰው ልንጽፍላችሁ መርጠናል። ሰውየው ኤድዋርድ ብሩክ ይባላሉ። ስሙን ስትሰሙት የአገራችን ሰው ሊመስላችሁ ይችላል፤ በአማርኛ ‹‹ብሩክ›› የተባረከ ማለት ነውና። እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ነው፣ ስሙም እንግሊዝኛ ነው። ማሳቹሴትስ የምትባለው ግዛት ሕዝብ በድምፁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርጎ መረጣቸው። ከእሳቸው በፊት በአሜሪካ በየትኛውም ግዛት ለዚህ ሥልጣን የተመረጠ ጥቁር ሰው አልነበረም።

ለምን እሳቸውን መረጥን? ወጣቶች ሆነን ስንሰበሰብ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ከመካከላችን አንድ ሰው ተምሮና ተመርጦ ትልቅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የማን ነው? የእኛ ነው ወይስ የሁሉም? አንዳንዶቹ ‹‹ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ›› ብለው፣ እዚያ የደረሰው ለእኛ እንዲናገር ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ‹‹ለእኛ ብቻ ከተናገረማ ነገ ማን ይመርጠዋል?›› ብለው ይመልሳሉ። ብሩክ ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሸክመውት ኖረዋል። መልሳቸው ደግሞ ሁሉንም ሰው አላስደሰተም፤ ስለዚህ ታሪካቸው ለክርክራችን ይጠቅማል ብለን አሰብን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከወታደር ቤት እስከ ሕግ ትምህርት ቤት

ብሩክ የተወለዱት ኦክቶበር 26 ቀን 1919 ነው። አባታቸው የሕግ ሰው ነበሩ፤ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ በሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበር። ቤተሰቡ የተቸገረ አልነበረም። ከተማዋ ግን በቀለም የተከፋፈለች ነበረች፤ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት አይማሩም ነበር። ብሩክ የጥቁሮች ትምህርት ቤት በሆነው በደንባር ሁለተኛ ደረጃ ተማሩ። ከዚያም ወደ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1941 ተመረቁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች፤ ብሩክም ወደ ጦሩ ተጠሩ። የተመደቡት ወታደሮቹ ጥቁሮች ብቻ በሆኑበት በ366ኛው የእግረኛ ሬጅመንት ነበር። ሬጅመንቱ የሠለጠነው ማሳቹሴትስ ውስጥ ፎርት ዴቨንስ በሚባል የጦር ሰፈር ነው። እዚያ ብሩክ አንድ ያልጠበቁት ሥራ ተሰጣቸው። የሕግ ትምህርት ሳይኖራቸው በወታደራዊ ፍርድ ቤት ለተከሰሱ ወታደሮች ቆመው እንዲከራከሩ ተደረገ። ሕግ ለመማር ልባቸው የተነሣው ያን ጊዜ ነው። በዘረኛነት የሚገዛውን ናዚ ለመውጋት የሚዘጋጅ ጦር የራሱን ወታደሮች በቀለም ለይቶ ማስቀመጡ ደግሞ ከአእምሯቸው አልወጣም።

ከዚያ ሬጅመንቱ ወደ ጣልያን ተላከ። አያቶቻችን የሚያውቁት የሙሶሊኒ ፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን የወረረው በ1935 ነበር። ብሩክ ጣልያን የደረሱት ሙሶሊኒ ከሥልጣን ከተነሣ በኋላ፣ የጀርመን ጦር ሰሜኑን ይዞ ሳለ ነው። ጣልያንኛ ተምረው ከጣልያን አርበኞች ጋር አብረው ሠሩ፣ በጦር ሜዳም ላሳዩት ጀግንነት የነሐስ ኮከብ ሜዳሊያ ተሸለሙ። የመጀመሪያ ባለቤታቸውንም ያገኙት እዚያው ጣልያን ነው፤ በ1947 ተጋቡ።

ጦርነቱ ሲያልቅ የቦስተን ልጆች የሆኑ የጦር ጓደኞቻቸው ‹‹ና ወደ እኛ ከተማ›› አሏቸው። ብሩክም ሄደው ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፣ በ1948 ጨረሱ፣ ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት በሮክስበሪ ሰፈርም የጥብቅና ሥራ ከፈቱ። ለአገሩ ተዋግቶ የተመለሰው መቶ አለቃና ሻምበል ቤት ሊገዛ ሲሄድ ግን በቀለሙ ምክንያት እንቢ ተባለ። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ወደፊት ተመልሰን እንመጣበታለን።

ከመቶ ሁለት ሰው

በ1950 ብሩክ ለማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት ተወዳደሩ። የግዛቱ ሕግ ያን ጊዜ አንድ ሰው በሁለቱም ፓርቲዎች እንዲመዘገብ ይፈቅድ ስለነበር በሁለቱም ተመዘገቡ፤ የመረጧቸው ሪፐብሊካኖቹ ናቸው። በምርጫው ግን ተሸነፉ። በ1952 እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ተሸነፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብን። ዛሬ ዜና የሚከታተል ወጣት ‹‹ጥቁር ሆኖ እንዴት ሪፐብሊካን?›› ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነበር። ሪፐብሊካን ፓርቲ ባርነትን ያስቀረው የአብርሃም ሊንከን ፓርቲ ነው፤ ብዙ የጥቁር ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ የወረሱት ነበር። የደቡብ ግዛቶችን የዘር መለያየት ሕግ አጥብቀው የያዙት ደግሞ የደቡብ ዴሞክራቶች ነበሩ። በማሳቹሴትስ የነበሩት ሪፐብሊካኖች ለዘብተኞች ነበሩ። ብሩክ ያደጉትም እንዲህ ባለ ሪፐብሊካን ቤት ነው።

ለስምንት ዓመታት ከምርጫ ርቀው ጥብቅናቸውን ሲሠሩ ቆዩና በ1960 ለግዛቱ ዋና ጸሐፊነት ተወዳደሩ። ተቃዋሚያቸው ኬቪን ዋይት ነበሩ። ‹‹ዋይት›› በእንግሊዝኛ ነጭ ማለት ነው። በዋይት በኩል መኪና ላይ የሚለጠፍ ‹‹ዋይትን ምረጡ›› የሚል ወረቀት ወጣ፤ ሁለት ትርጉም እንዳለው ማንም ያያል። ብሩክ ተሸነፉ። ነገር ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን ሰጥቷቸው ነበር። ያውም የማሳቹሴትስ ልጅ የሆኑት ጆን ኬኔዲ በዴሞክራት ስም ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደሩበት ዓመት!

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። በዚያን ጊዜ በማሳቹሴትስ ከመቶ ሰው ጥቁሮቹ ሁለት ገደማ ብቻ ነበሩ። እኛም በእስራኤል ከመቶ ሰው ሁለት እንኳ አንሞላም። እንዲህ ያለ ሕዝብ በራሱ ድምፅ ብቻ ማንንም ወደ ትልቅ ወንበር ማውጣት አይችልም። ብሩክ ይህን ሒሳብ ገና ከመጀመሪያው ያውቁታል። ስለዚህ ቅስቀሳቸው ስለ ግብር፣ ስለ ሙስናና ስለ መንግሥት አሠራር ነበር፤ በቀለማቸው እንዲመረጡም ሆነ እንዲጣሉ አልፈለጉም።

በ1961 የግዛቱ ገዥ ጆን ቮልፒ የቦስተን ፋይናንስ ኮሚሽን ሰብሳቢ አደረጓቸው። ይህ ኮሚሽን የከተማውን አስተዳደር ገንዘብ አያያዝ የሚመረምር ነው። ሥራው ብዙም ታዋቂ ያልነበረ ቢሆንም ብሩክ በአንድ ዓመት ውስጥ ጋዜጣ ላይ አወጡት፤ ስማቸው ከሙስና ምርመራ ጋር ተያይዞ ታወቀ።

በ1962 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ተወዳደሩ። በመጀመሪያ በራሳቸው ፓርቲ ውስጥ ኤሊዮት ሪቻርድሰን የሚባሉ ታዋቂ የሕግ ሰው ገጠሟቸው፤ አሸነፏቸው። ከዚያ በዋናው ምርጫ የዴሞክራቱን ተወዳዳሪ አሸነፉ። በዚያ ምርጫ በመላ ግዛቱ ለሚመረጡት ሥልጣኖች ሁሉ ዴሞክራቶች ሲያሸንፉ፣ ያሸነፉት ብቸኛው ሪፐብሊካን ብሩክ ነበሩ።

ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ምን ይሠራል?

በእስራኤል ‹‹ዮዔጽ ሚሽፓቲ ላሜምሻላ›› የምንለውን አስቡ። የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም የመንግሥቱ ጠበቃ ነው፤ ገዥውም ሆነ መሥሪያ ቤቶቹ ‹‹ሕጉ ምን ይላል?›› ብለው ሲጠይቁት አስተያየቱን ይሰጣል፣ ግዛቱ ሲከሰስ ይከራከራል፣ ከባድ ወንጀልንና ሙስናን ይከታተላል። ልዩነቱ እዚህ ዮዔጹን የሚሾመው መንግሥት ሲሆን እዚያ የሚመርጠው ሕዝቡ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሁለት ጌታ አለው፤ አንዱ ሕጉ ነው፣ ሌላው መራጩ።

ብሩክ ወንበሩ ላይ ሲወጡ የግዛቱ መንግሥት በሙስና ስሙ ጠፍቶ ነበር። በአማርኛ ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚባል ተረት አለን፤ በዚያ ዘመን በማሳቹሴትስ ብዙ ባለሥልጣን ተረቱን ባያውቀውም ይሠራበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብሩክ የመንግሥት ሠራተኞችን፣ ተመራጮችንና ከእነሱ ጋር የሚሠሩ ነጋዴዎችን ፍርድ ቤት አቀረቡ። ከተከሰሱት መካከል የራሳቸው ፓርቲ ሰዎችም ነበሩ። ሁሉም ክስ በፍርድ አላለቀም። ቢሆንም ትልቅ ሰው አይነካም የሚለው ልማድ ተናጋ።

ሌላው ስማቸውን ያስጠራው የቦስተን ግድያ ጉዳይ ነው። ከ1962 እስከ 1964 መጀመሪያ በቦስተንና በአካባቢዋ 13 ሴቶች በቤታቸው ተገደሉ፤ ከተማው በሙሉ በፍርሃት በሩን ቆልፎ ያድር ነበር። ግድያዎቹ የተፈጸሙት በተለያዩ ከተሞች ስለነበር እያንዳንዱ ፖሊስ የራሱን መዝገብ ይዞ ለብቻው ይሠራል። በጃንዋሪ 1964 ብሩክ ምርመራውን በአንድ ላይ እንዲሆን በመሥሪያ ቤታቸው ሥር አደረጉት። አስተባባሪዎቹ አንድ ‹‹ባለ ራእይ ነኝ›› ባይ ሰው በማስገባታቸው ግን ተሳቀባቸው፤ ብሩክም በዚህ ተወቅሰዋል። በኋላ አንድ ሰው ግድያዎቹን እኔ ነኝ ያደረግኋቸው ብሎ ተናዘዘ። በእነዚህ ግድያዎች ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም። በ2013 የዲኤንኤ ምርመራ ሰውየውን ከመጨረሻዋ ሟች ጋር አገናኘው።

ተማሪዎቹ የቀሩበት ቀን

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በቦስተን ጥቁርና ነጭ ልጆች ተለያይተው ይማሩ የሚል ሕግ አልነበረም። ነገር ግን በተግባር የጥቁሮቹ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ተለይተው ይታወቁ ነበር፤ ያረጁና የተጨናነቁ ነበሩ። በጁን 1963 ሩት ባትሰን የሚባሉ የሮክስበሪ እናትና የመብት ታጋይ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የከተማውን የትምህርት ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። የጠየቁት መጀመሪያ ችግሩ መኖሩን እንዲቀበሉ ነው። ሰብሳቢዋ ሉዊዝ ዴይ ሂክስና ኮሚቴው አልተቀበሉም፤ ‹‹እንዲህ ያለ መለያየት በከተማችን የለም›› የሚል ነበር መልሳቸው።

ስለዚህ ጁን 18 ቀን 1963 በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ቀሩ። ዝም ብለው ቤት አልተቀመጡም፤ በአብያተ ክርስቲያናትና በሰፈር አዳራሾች ተሰብስበው ስለ ጥቁሮች ታሪክና ስለ ዜጋ መብት ሲማሩ ዋሉ። በፌብሩዋሪ 1964 ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ሁለተኛ አድማ ተደረገ።

ሁሉም ሰው ዓይኑን ወደ ብሩክ አዞረ። የሮክስበሪ ጠበቃ፣ የራሳቸው ሰው፣ አሁን የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። ምን ይል ይሆን? ብሩክ የሰጡት የሕግ አስተያየት አጭር ነበር። የግዛቱ ሕግ ልጅ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ያስገድዳል፤ ስለዚህ አድማው ሕጋዊ አይደለም።

አስቡት እስቲ፣ ምን ያህል እንደሚያም! ብዙ ጥቁሮች እንደ ክህደት ቆጠሩት። ‹‹ለዚህ ነው እንዴ የመረጥነው?›› የሚል ቁጣ ተነሣ። የብሩክ አቋም ግን አልተለወጠም። እሳቸው የመብት ንቅናቄ መሪ እንዳልሆኑና የተመረጡት የማሳቹሴትስን ሕዝብ በሙሉ ለማገልገል እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ ነበር።

እኛ ይህን ስናነብ ሁለት ቦታ ተከፈልን፤ በመካከላችንም ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማንበት እንዲህ ነው።

በአንድ በኩል፣ ብሩክ ሕጉ ምን ይላል ተብለው ተጠይቀው ሕጉ የሚለውን ተናገሩ። የምወደው ሰው ሲሆን ሕጉ አይሠራም ቢሉ ኖሮ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የሚጠላው ሰው ሲሆን ሕጉን ያጠብቀው ነበር። ወላጆቻችን እንደሚነግሩን በድሮ አገራችን አንድ ሰው መንገድ ላይ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ሲል ጠበኛው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ቃሉ ኃይል የነበረው ደካማውም ኃይለኛውም እኩል ሊጠራው ስለሚችል ነው።

በሌላ በኩል ግን ተማሪዎቹ ትክክል ነበሩ። ይህን የምንለው ስለምናዝንላቸው አይደለም፤ በኋላ የሆነው ነገር ራሱ ይመሰክራል። በ1965 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ከግማሽ በላይ ተማሪው ነጭ ያልሆነ ትምህርት ቤት ሚዛኑን የሳተ ነው ብሎ እንዲስተካከል የሚያዝ ሕግ አወጣ። በ1974 ደግሞ የፌዴራል ዳኛው አርተር ጋሪቲ የቦስተን ትምህርት ኮሚቴ ልጆችን ሆን ብሎ በቀለም ለይቶ ሲያስተምር ነበር ብለው ፈረዱ። የለም የተባለው ነገር ነበረ ማለት ነው። እነዚያ ልጆች ባይቀሩ ኖሮ ማን ጉዳዩን ያነሣው ነበር?

በ2015 እና በ2019 አደባባይ የወጡ፣ መንገድም የዘጉ የማኅበረሰባችን ወጣቶች ይህን ክርክር በደንብ ያውቁታል። ‹‹መንገድ መዝጋት ሕገ ወጥ ነው›› ሲባሉ፣ ‹‹ባንዘጋው ማን ይሰማናል?›› ብለው መልሰዋል። ሁለቱም አባባል በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ብሩክ የቆሙት በሕጉ ወንበር ላይ ነበር፤ ባትሰን የቆሙት በር ላይ። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ አይችልም። እኛ ስሕተት የሚመስለን በወንበሩ ላይ ያለው በሩ ላይ ያሉትን ሲንቅ፣ በሩ ላይ ያሉትም ወንበሩ ላይ ያለውን ከሃዲ ሲሉ ነው።

ምን ያምኑ ነበር?

በ1964 ሪፐብሊካን ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ባሪ ጎልድዋተርን አቀረበ። ጎልድዋተር በዚያው ዓመት የወጣውን ታላቁን የዜጎች መብት ሕግ በሴኔት የተቃወሙ ሰው ናቸው። ብሩክ የፓርቲያቸው ሰው ቢሆኑም አልደግፋቸውም አሉ። በዚያ ዓመት ጎልድዋተር በማሳቹሴትስ ክፉኛ ተሸነፉ፤ ብሩክ ግን በዚያው ቀን ወደ 800,000 በሚጠጋ የድምፅ ልዩነት እንደገና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመረጡ።

በ1966 ሐሳባቸውን በመጽሐፍ አወጡ። ፓርቲያቸው ሁልጊዜ ‹‹አይሆንም›› ማለቱን ትቶ ለከተሞች፣ ለድህነትና ለመብት ጥያቄ የራሱን መፍትሔ እንዲያቀርብ መከሩ። ሰው በራሱ ጥረት መቆም አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ነገር ግን መሰላል ሳይሰጡት ‹‹ውጣ›› ማለት ተገቢ አይደለም፤ ትምህርትና መኖሪያ ቤት ላይ መንግሥት ኃላፊነት አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። ጥቁሮችን ከነጮች ለይቶ ማታገልንም አይወዱም ነበር። ‹‹የጥቁር ኃይል›› የሚለውን መፈክር ያነሣውን ስቶክሊ ካርማይክልንና የጆርጂያውን የዘር መለያየት ደጋፊ ሌስተር ማዶክስን በአንድ ንግግር አብረው የነቀፉበት ጊዜ ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ንጽጽር ትክክል አልነበረም፤ የተገፋውና ገፊው በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። እሳቸው ግን በአመፅም በጥላቻም የሚመጣ መፍትሔ የለም ብለው ያምኑ ነበር።

በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳደሩ፣ የቀድሞውን ገዥ ኤንዲኮት ፒቦዲን ከ400,000 በላይ በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ከእሳቸው በፊት ሴኔት የገቡት ሁለት ጥቁሮች በ1870ዎቹ ከሚሲሲፒ የመጡ ሲሆኑ የመረጣቸው የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ብሩክ ናቸው።

ቤት የተከለከለው ወታደር

‹‹ልብ በሉት›› ወዳልናችሁ ነገር አሁን እንመለስ። በ1967 በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ረብሻ ተነሣ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ምክንያቱን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ብሩክ አባል ነበሩ። ኮሚሽኑ በ1968 ባወጣው ሪፖርት አገሪቱ እርስ በርስ ወደተለያዩና እኩል ወዳልሆኑ ሁለት ሕዝቦች እየተከፈለች ነው ብሎ አስጠነቀቀ።

በዚያው ጊዜ ብሩክ ከዴሞክራቱ ሴናተር ዋልተር ሞንዴል ጋር ሆነው ቤት ሲከራይና ሲሸጥ በዘር ማዳላትን የሚከለክል ረቂቅ አቀረቡ። በሴኔት ውስጥ ቆመው ከጦርነት ሲመለሱ በቀለማቸው ምክንያት ቤት መግዛት እንዳልቻሉ ተናገሩ። ለዓመታት ‹‹እኔ የሁሉም ነኝ›› ሲሉ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ቁስል የከፈቱት እዚህ ነው። ኤፕሪል 4 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ፤ ከሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1968፣ ሕጉ ተፈረመ።

በ1969 ደግሞ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ማሻሻያ አስወጡ። በመንግሥት ቤት የሚኖር ድሃ ለኪራይ የሚከፍለው ከገቢው ከመቶ 25 እንዳይበልጥ የሚል ነው። በ1981 ወደ ከመቶ 30 ከፍ ተደረገ፣ መሠረቱ ግን እንዳለ ነው። በአሚዳር ቤት ያደገ ሰው የዚህ ሕግ ጥቅም ወዲያው ይገባዋል። ሕጉ ጥቁር ነጭ አይልም፤ የድሃ ነጭ አሮጊትንም የጥቁር እናትንም ኪራይ ቀነሰ። የብሩክ መልስ ለእኛ ጥያቄ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ለወገኑ ያለው ሐዘን መነሻ ሆኖት ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ጻፈ።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፓርቲያቸው ሰው ነበሩ። ቢሆንም ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀረቧቸውን ሁለት ዳኞች፣ በመብት ጉዳይ የነበራቸውን ታሪክ አይተው ብሩክ ተቃወሙ፤ ሁለቱም ሳይሾሙ ቀሩ። የዋተርጌት ቅሌት ሲመጣ ደግሞ በ1962 ብሩክ ያሸነፏቸው ያ ሪቻርድሰን የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ነበር። ኒክሰን መርማሪውን አባርር ሲሏቸው አላደርግም ብለው ኦክቶበር 20 ቀን 1973 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሩክ ፕሬዚዳንቱ እንዲለቁ በአደባባይ ጠየቁ። ይህን ያደረጉ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ሴናተር ናቸው።

ያ የቦስተን የትምህርት ቤት ጉዳይም ተከትሏቸው መጣ። ከ1974ቱ ፍርድ በኋላ ልጆችን በአውቶቡስ ከሰፈር ወደ ሰፈር ማመላለስ ሲጀመር አውቶቡሶቹ በድንጋይ ተወገሩ። በሴኔት ውስጥ ይህን የሚያግድ ሕግ ለማውጣት ብዙ ተሞከረ። ብሩክ ደግመው ደጋግመው ተከራከሩት። ከአሥር ዓመት በፊት ‹‹ሕጉ ትምህርት ቤት ሂዱ ይላል›› ብለው ጥቁሮችን እንዳስቆጡ፣ አሁን ‹‹ሕጉ አንድ ላይ ይማሩ ይላል›› ብለው ነጭ መራጮቻቸውን አስቆጡ። ለሁሉም አንድ ሚዛን የያዘ ሰው ሁለቱንም ወገን ያስከፋል ማለት ነው።

ውድቀትና ክብር

ታሪኩን አሳምረን ብቻ ብንነግራችሁ ትክክል አይሆንም። በ1978 ከባለቤታቸው ጋር ፍቺ ላይ ሳሉ ስለ አንድ ብድር በመሐላ የሰጡት ቃል እውነት እንዳልነበረ ታወቀ፤ እሳቸውም አመኑ። የወንጀል ክስ አልቀረበባቸውም። ቢሆንም ሌሎችን በሕግ ሲጠይቅ ለኖረ ሰው መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት በምርጫ በፖል ሶንጋስ ተሸነፉ፤ ከፖለቲካም ወጡ።

ከዚያ ወዲያ በጥብቅና ኖሩ። በ2002 የጡት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ወንድም በዚህ በሽታ እንደሚያዝ ሰው እንዲያውቅ በአደባባይ ተናገሩ። በቦስተን አንድ የፍርድ ቤት ሕንፃ በስማቸው ተሰይሟል። በ2004 ከፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳሊያ፣ በ2009 ከኮንግረሱ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበሉ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2015 በ95 ዓመታቸው ፍሎሪዳ ውስጥ አረፉ።

በ2022 ማሳቹሴትስ አንድሪያ ካምቤልን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርጋ መረጠች። በዚህ ወንበር በግዛቷ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። ብሩክ ከተመረጡ ልክ 60 ዓመት ሆኖት ነበር። በር ከተከፈተ በኋላም ቀጣዩ ሰው እስኪገባ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ለእኛ ምን ይቀራል?

ከማኅበረሰባችን በ1996 አዲሱ መሳላ ክኔሴት ገቡ። በ2013 ጠበቃዋ ፕኒና ታማኖ ሻታ ክኔሴት ገቡ፣ በ2020 ሚኒስትር ሆኑ። ዛሬ በየፍርድ ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ክፍል የእኛ ልጆች አሉ። ነገ ከእነዚህ አንዱ ወይም አንዷ ብዙ ሰው የማይወደውን ሕግ መተርጎም ይኖርባቸዋል። ያን ጊዜ ‹‹ለዚህ ነው እንዴ የላክንህ?›› ማለታችን አይቀርም።

ከመቆጣታችን በፊት ግን ሁለት ነገር ብንጠይቅ ይሻላል እንላለን። አንደኛ፣ ለእኛ የተናገረውን ነገር ለሌላውም በዚያው ሚዛን ተናግሯል ወይ? ሁለተኛ፣ ሕጉን ለመለወጥ ሥልጣን ሲያገኝ ከየት እንደመጣ አስታወሰ ወይስ ረሳ? ብሩክ በ1963ቱ አድማ ጊዜ ብዙ ሰው አስከፍተዋል። በ1968 እና በ1969 የሠሩት ሥራ ግን እንዳልረሱ ያሳያል።

ወንበር ላይ ላልደረስነውም ሥራ አለን። በር ላይ የሚቆም ያስፈልጋል፤ የሮክስበሪ እናቶችና ተማሪዎች ባይቆሙ ኖሮ የ1965ቱ ሕግ አይመጣም ነበር። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ በማኅበራችን ስብሰባ ኑና ተከራከሩን፤ ታላላቆቻችንም አብራችሁን ብትመጡ ደስ ይለናል። ሕግ ለሚማሩ እኅትና ወንድሞቻችን ሁሉ በርቱ እንላለን። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።